«ተራው የማን ነው?»፦ የቤት ውስጥ ሥራ ጀርመንኛ የተማርኩበት ኮርስ

ስምንት ማክሰኞ። በየምሽቱ ዘጠና ደቂቃ። 84 ዩሮ። ሽቱትጋርት ውስጥ፣ እኛ ሰፈር ያለ ትንሽ የነዋሪዎች ማዕከል የሚሰጠውን የቤት ውስጥ ሥራ ጀርመንኛ ኮርስ ባለፈው ሳምንት ጨረስኩ። የማዕከሉን ስም አልጠቅስም። ቅር ያሉኝን ነገሮችም እጽፋለሁና፣ በጥቂት ጡረተኞች ትከሻ ላይ የቆመን ቤት በስም ማንሳቱ ደስ አይለኝም። ሌላ ከተማ ሆናችሁ እንዲህ ያለ ኮርስ ካገኛችሁ ግን ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ከዚህ ትረዳላችሁ።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ወድጄዋለሁ። ጀርመን ከገባሁ ጀምሮ ከተማርኩት ሁሉ በየቀኑ አፌ ላይ የሚውለው የዚህ ኮርስ ቃል ነው። ሁለት ትልልቅ ነገሮች ግን ጎድለውታል። እመጣበታለሁ።

ወደዚህ የመጣሁት ባለቤቴን ተከትዬ ነው። ለዚያ ቪዛ የኤ1፣ ማለትም የመጀመሪያው ደረጃ ጀርመንኛ፣ ሰርተፊኬት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ተምሬ፣ ተፈትኜ አለፍኩ። እዚህ ደግሞ ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጠውን የኢንተግራሽን ኩርስ ገባሁ፦ 600 ሰዓት ቋንቋ፣ 100 ሰዓት ስለ ሀገሪቱ ሕግ፣ ታሪክና አኗኗር። ብዙ አውቄ ወጣሁ። ሐኪም ቤት ደውዬ ቀጠሮ እይዛለሁ። ስለ አካባቢ ጥበቃ ሐሳቤን እናገራለሁ። ግን «ልብሱ ገና አልደረቀም፣ እንደተሰጣ ተዪው» ማለት አልችልም ነበር። «ወለሉ እርጥብ ነው፣ እንዳያንሸራትትሽ» ማለትም እንደዚያው።

ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። ይህን ቋንቋ ሰው ክፍል ውስጥ አይማረውም። እቤት ነው የሚማረው፣ እናቱ ስታዘው። እኔ «አለቅልቂው»፣ «ገልብጠሽ አስጪው»፣ «ጥጉን አልጠረግሽውም» የሚለውን አማርኛ የለመድኩት እናቴ ከማጀት ሆና ስትጠራኝ ነው። ሰሌዳ ላይ የጻፈልኝ የለም። የጀርመን ልጅም እንደዚሁ ነው። በሠላሳ ዓመቱ የሚመጣ ሰው ግን በጀርመንኛ የምታዘው እናት የለችውም። እቤታችን የምናወራው አማርኛ ነው። ትምህርት ቤት የምንማረው ለፈተና ነው። መሃል ላይ ትልቅ ክፍተት ይቀራል።

ይህ ክፍተት ቀላል አይደለም። ልጄ የተወለደች ሰሞን ሱቅ ገብቼ ሽታው ደስ የሚል አንድ ጠርሙስ አነሳሁ። «ቫይኽሽፑለር» ይላል። ቫይኽ ለስላሳ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሽፑለን ደግሞ ዕቃ ማጠብ ተብሎ ነው የተማርኩት። ለስላሳ ማጠቢያ፣ ለሕፃን የሚሆን፣ ብዬ ይዤው ሄድኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የልጄን ልብስ በእሱ ብቻ አጠብኩ። ልብሱ ያውዳል፣ ይለሰልሳል። የወተቱ እድፍ ግን ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ የነገረችኝ ከወሊድ በኋላ እቤት ድረስ እየመጣች የምታየን አዋላጅ ናት። ጠርሙሱ የልብስ ማለስለሻ ኖሯል። ከሳሙና በኋላ የሚገባ እንጂ የሚያጥብ አይደለም።

ኮርሱ ላይ የተመዘገብኩት ያን ቀን ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ ሆኖም አንድ ዓመት አልፏል። ግን በሁለተኛው ማክሰኞ አስተማሪያችን ቅርጫት አንጠልጥለው ሲገቡ ያ ጠርሙስ ነው ትዝ ያለኝ።

አስተማሪያችን በስልሳዎቹ መጨረሻ ያሉ ሴት ናቸው። ቅርጫቱን ጠረጴዛ ላይ ገለበጡት። ሳህን፣ የልጅ ካናቴራ፣ የመስኮት ጨርቅ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የወለል መወልወያ ራስ። አሥራ ሁለት ነን፤ ከሶሪያ፣ ከዩክሬን፣ ከሕንድ፣ ከኤርትራ፣ እኔ ከኢትዮጵያ። እያንዳንዳችን አንድ ዕቃ አንስተን ምን እንደምናደርግበት በእጃችን ማሳየት ነበረብን። ከዚያ እሳቸው ግሱን ይሰጡናል። መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ቃል።

እዚህ ላይ አማርኛዬን በአዲስ ዓይን አየሁት። እኛ «ማጠብ» ብለን እጅንም፣ ልብስንም፣ ሳህንንም፣ መኪናንም እንጠቀልላለን። ጀርመንኛ ይከፋፍለዋል። ልብስ ቫሸን ነው። እጅና ፊትም ቫሸን። ሳህንና ብርጭቆ ሽፑለን። ወለል ቪሸን፣ ማለትም መወልወል። መስኮት ፑጸን። ጫማም፣ ጥርስም ፑጸን። ቫሸንና ቪሸን በአንዲት አናባቢ ብቻ ነው የሚለያዩት። ቢምታታብሽ ወለልሽን ከልብስ ጋር ማሽን ውስጥ ከተትሽው ማለት ነው።

ሽፑለንን ግን ሳህን ማጠብ ብቻ አድርጎ መያዝ ስህተት ነው። አስተማሪያችን ብርጭቆ ይዘው ወደ ቧንቧው ወሰዱን። ውሃ ሞሉበት፣ አሽከረከሩት፣ ደፉት። ሽፑለን ይሄ ነው አሉ። ውስጤ «ማለቅለቅ!» አለ። በቃ፣ ሁሉም ነገር ተያያዘ። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ላይ ሽፑለን የሚል ቁልፍ አለ፤ ልብሱን ያለቀልቃል። የሽንት ቤቱ ውሃ መልቀቂያ ሽፑሉንግ ይባላል። ያ ጠርሙስም ሲለቀለቅ የሚጨመር ማለስለሻ ነው። አንድ ዓመት ሲከነክነኝ የኖረው ነገር በአንድ ብርጭቆ ውሃ ተፈታ። ሦስቱን የሱቅ መደርደሪያዎችም አሁን ሳላመነታ እለያቸዋለሁ፦ ቫሽሚተል ለልብስ፣ ሽፑልሚተል ለዕቃ፣ ፑጽሚተል ለቤት።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ድምፁ ልናገር። የሽፑለንን መሃል በፊደላችን በትክክል መጻፍ አይቻልም። «ኡ» ለማለት ከንፈርን ማሞጥሞጥና፣ ከንፈሩን ሳይነቀንቁ «ኢ» ማለት ነው። ሙል፣ ቆሻሻ ማለት፣ ያው ድምፅ ነው። ሉፍተንም (ማናፈስ)፣ ቡገልንም (ልብስ መተኮስ)። ከቤት ሥራ ቃላት ግማሹ ይህን ድምፅ የያዘ ይመስለኛል። የፑጸን «ጸ» ግን ለኛ ቀላል ናት። የኛን ጸ ሳይፈነዳ ማለስለስ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምሽት የኮርሱ ምርጥ ምሽት ነበር። ጠጋ ብዬ ላሳያችሁ።

ጀርመንኛ ተነጣይ ግስ አለው። ራውስብሪንገን፣ ወደ ውጭ ማውጣት፣ አንድ ቃል ነው። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ግን ለሁለት ይከፈላል። ብሪንገ ከፊት ይቀራል፣ ራውስ መጨረሻ ላይ ይሄዳል። «ኢኽ ብሪንገ ደን ሙል ራውስ።» ቆሻሻውን አወጣለሁ። ይህን ሠንጠረዥ በኢንተግራሽን ኩርሱ ስንት ጊዜ ሞልቼዋለሁ። ስናገር ግን ራውስ ሁልጊዜ ትቀርብኝ ነበር። ቆሻሻውን «አመጣለሁ» እያልኩ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

አስተማሪያችን ግማሽ የሞላ የቆሻሻ ከረጢት መሬት ላይ አስቀመጡ። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ደንቡ እንዲህ ነው። ከረጢቱን ስታነሺ «ኢኽ ብሪንገ» ትያለሽ። እየሄድሽ «ደን ሙል»። ከዚያ ዝም። ራውስን የምትዪው ደፉን ስትሻገሪ ብቻ ነው። አንድ እግርሽ ውስጥ፣ አንድ እግርሽ ውጭ ሆኖ። ቀድመሽ ካልሽው ተመለሺ። ከረሳሽው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁሻል። መንገድ አይለቁም።

አሥራ ሁለታችንም አንድ በአንድ ወጣን። ከሶሪያ የመጣው ጎልማሳ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። በሦስተኛው ኮሪደሩ ላይ ሆኖ «ራውስ!» ሲል ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ሁለተኛው ላይ ተሳካልኝ። ከዚያ ወዲህ ደፍ ስሻገር ያቺ ቃል ራሷ ትመጣለች። የእቃ ማጠቢያ ማሽኑንም በባዶ ካርቶን አስመስለው እንዲሁ አሠሩን። ስንሞላው «አይን»፣ ወደ ውስጥ፤ ስናወጣ የመጨረሻው ሳህን ከካርቶኑ ሲለቅ «አውስ»፣ ወደ ውጭ። ለእንዲህ ዓይነት አስተማሪ 84 ዩሮ አይቆጨኝም።

ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ የምሥራች አለ። ያለፈ ነገር ስትነግሩ ግሱ ተመልሶ ይገጥምና መጨረሻ ላይ ቁጭ ይላል። «ኢኽ ሃበ ደን ሙል ራውስገብራኽት።» ቆሻሻውን አውጥቻለሁ። ልክ እንደኛ፣ ጉዳዩ ሁሉ ተነግሮ ሲያበቃ ግስ ይዘጋዋል። ምክንያት ስትናገሩም እንዲሁ፣ ቫይል፣ «ምክንያቱም»፣ ካላችሁ በኋላ ግሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሌሎቹ ተማሪዎች በዚህ ሲጨነቁ እኔና ኤርትራዊቷ እህቴ ተያየን። እኛ ቤታችን ነበርን።

አራተኛው ምሽት ስለ አነጋገር ነበር፣ ሰውን ሥራ እንዴት እንደምንጠይቅ። «ብሪንግ ደን ሙል ራውስ» ካላችሁ ትእዛዝ ነው፤ ጆሮ ላይ ይከብዳል። ቢተ፣ «እባክሽ»፣ ሲጨመርበት ጨዋ ይሆናል። ቤተኛ የሚያደርገው ግን ማል የምትባል ቃል ናት። «ብሪንግ ቢተ ማል ደን ሙል ራውስ።» መዝገበ ቃላት ስታዩ ማል «አንድ ጊዜ» ይላችኋል። አይደለም። እኔ እንደገባኝ ማል ማለት «እስቲ» ነው። «እስቲ ቆሻሻውን አውጪልኝ።» ማክ ማል ዳስ ፈንስተር ጹ፤ እስቲ መስኮቱን ዝጊው። ይህን ካወቅኩ ጀምሮ ባቡር ውስጥ፣ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ፣ የሰማሁትን ማል ሁሉ በእስቲ እለውጠዋለሁ። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ይገጥማል።

አንቺና እርስዎን መለየቱ ለኛ አዲስ አይደለም። ዱ እና ዚ ናቸው። እንዲያውም ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይልቅ እኛ ቶሎ ይገባናል። ልዩነቱ፣ እዚህ ከዚ ወደ ዱ ለመሻገር ጋባዡ ታላቁ ነው። ሳይጋብዙሽ አትሻገሪም። የሚከፋኝ አንድ ነገር አለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጎረቤታችን ሰማንያ ያለፋቸው እናት ናቸው። እኛ ሀገር ቢሆን እማማ ብዬ እጠራቸው ነበር። እዚህ ፍራው፣ ወይዘሮ፣ ብዬ የቤተሰብ ስማቸውን ነው የምጠራው። አክብሮቱ አለ፣ መቅረቡ ግን ይቀራል።

ከዚያው ምሽት የወሰድኩት ትልቁ ሀብት አንዲት ትንሽ ቃል ናት። ድራን። «ቬር ኢስት ድራን?» ተራው የማን ነው? «ኢኽ ቢን ድራን።» ተራዬ ነው። «ዱ ቢስት ድራን።» ተራሽ ነው። ከባል ጋር፣ ከደባል ጋር፣ ከጎረቤት ጋር የሚነሳ የቤት ሥራ ክርክር ሁሉ የሚጀምረውም የሚያልቀውም እዚህ ላይ ነው። «ኢኽ ቫር ሾን ሌጽተ ቮኸ ድራን»፣ ባለፈው ሳምንትም እኔ ነበርኩ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ቤት ውስጥ ለባለቤቴ ብዙ ጊዜ ተጠቅሜባታለሁ።

ሽቱትጋርት ለሚኖር ሰው ድራን ከሌሎች ከተሞች የበለጠ ያስፈልጋል። ኬርቮኸ የሚባል ነገር አለን። የመጥረግ ሳምንት ማለት ነው። የሽቫብያ፣ የዚህ የኛ አካባቢ፣ ሰዎች ልማድ ነው፣ ሥሩ እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ይመዘዛል። ትንሹ ኬርቮኸ የራስሽን ፎቅ ደረጃ መጥረግና መወልወል ነው። ትልቁ ደግሞ መግቢያውን፣ የምድር ቤቱን ደረጃ፣ ግቢውንና የእግረኛ መንገዱን ይጨምራል። ተራሽ ሲደርስ በርሽ እጀታ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ይንጠለጠላል። ስትጨርሺ ወደ ሚቀጥለው በር ታሻግሪዋለሽ። የኪራይ ውልሽ ውስጥ ተጽፎ ካለ ደግሞ ግዴታ ነው። መጀመሪያ የመጣን ሰሞን ሰሌዳው በራችን ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው ማስታወቂያ መስሎኝ አውርጄ መሳቢያ ውስጥ ከትቼው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሕንፃው ደረጃ ሳይጠረግ ቀረ። ማንም አልተናገረኝም። ጎረቤቶቼ ግን ሰላምታቸውን አሳጥረው ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

የኮርሱ የመጀመሪያ ጉድለትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ትምህርቱ ሁሉ የመጽሐፍ ጀርመንኛ ነው። የምንኖረው ግን ሽቫብያ ነው። ደረጃ ላይ የሚነገረው ቋንቋ ሌላ ነው።

ኮርሱ ስድስተኛ ሳምንት ላይ እያለ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፍራው ጎረቤታችን ደረጃውን እየጠረጉ ደረስኩ። ወገባቸውን ያማቸዋል። ላግዝዎ አልኩ። ደስ አላቸውና የቆሻሻ ማፈሻውን ሰጡኝ። «ሄበን ዚ ማል ዲ ኩተርሻውፈል!» አሉኝ። ማልን አወቅኩ። ሄበን ማንሳት እንደሆነ ተምሬያለሁ። አነሳሁ። መጥረጊያቸው የሰበሰበው አቧራ በሙሉ ከሥሩ አልፎ ታችኛው ደረጃ ላይ ፈሰሰ። «ሄበን! ሄበን!» አሉ። ይበልጥ ከፍ አደረግኩት።

ያን ጊዜ ጎንበስ አሉ። እጃቸውን እጄ ላይ አድርገው ማፈሻውን ቀስ ብለው ወደ መሬት መለሱት። ከንፈሩን ከደረጃው ጋር አጣበቁት። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር፣ ቆዳው ስስ። እንዲያው ጸጥ ብለው እንደያዙት ቆዩ። «ሄበን» አሉ አሁንም፣ በቀስታ። ገባኝ። ሽቫብያዎች ሄበን ሲሉ ያዢ ማለታቸው ነው፣ ሌላው ጀርመን ሃልተን የሚለውን። እኔ አንሺ ብዬ የሰማሁት «ደግፈሽ ያዢልኝ» ነበር።

ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ኮርሱ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው ደረጃ እጠርጋለሁ፣ እሳቸው ይነግሩኛል። የቆሻሻ ማፈሻው ኩተርሻውፈል። የእጅ መጥረጊያው ኬርቪሽ። ቡነ መጽሐፉ ላይ መድረክ ነው፤ እሳቸው ጋ ጣሪያ ሥር ያለው ዕቃ ማስቀመጫ። ቴፒኽ መጽሐፉ ላይ ምንጣፍ ነው፤ እሳቸው ብርድ ልብሱንም ቴፒኽ ይሉታል። ቴፒኹን አጣጥፊ ብትባሉ የሳሎን ምንጣፍ መጠቅለል እንዳትጀምሩ። ኮርሱ ከስምንቱ ምሽት አንዱን ለዚህ ቢሰጥ ምን ነበረበት? ይባስ ብሎ የተሰጠን ወረቀት ላይ የወለል ጨርቁ ፎይደል ተብሎ ተጽፏል። ይህ የሰሜን ጀርመን ቃል ነው። እዚህ ፑጽላፐን ካላላችሁ የሚገባው ሰው የለም። ወረቀቱ የመጥረግን ግስም ፌገን ይላል፣ የሰፈሬ ሰው ግን ኬረን ነው የሚለው። የሳምንቱ ስም ራሱ ከዚያ የመጣ ነው እኮ።

ሁለተኛው ጉድለት የባሰ ነው። ኮርሱ መታዘዝንና መጠየቅን ያስተምራል፤ እምቢ ማለትን አያስተምርም። አብራን ከምትማር እህት ጋር ብዙ አውርተናል። ሰው ቤት እያጸዳች ነው የምትኖረው። የሚከፈላት ለሦስት ሰዓት ነው። ልትወጣ ኮቷን ስትለብስ «እግረ መንገድሽን መስኮቶቹንም» ይሏታል። ለዚህ መልስ ያስፈልጋታል። «ዳስ ቫር ኒኽት አብገማኽት»፣ ይህንን አልተስማማንም። «ማይነ ጻይት ኢስት ኡም»፣ ሰዓቴ አልቋል። «ዳስ ሻፈ ኢኽ ሆይተ ኒኽት ሜር»፣ ይህን ዛሬ አልደርስበትም። እነዚህን ሦስቱን የነገራት የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ነው። ስድስተኛው ምሽት ላይ አስተማሪያችንን ጠየቅናቸው። በቅንነት ተቀበሉን፣ ግን የመጨረሻዋን አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ሰጡን። የቤት ሥራ ቋንቋ ለብዙዎቻችን የእንጀራ ቋንቋ ነው። ለእንጀራ ደግሞ እምቢታ ከቢተ እኩል ያስፈልጋል።

ሌሎቹ ቅሬታዎቼ ያነሱ ናቸው። ሰዓቱ ማታ አሥራ ሁለት ተኩል ነው፣ ልጆች የሚተኙበት። ልጅ የሚይዝልሽ ከሌለ አትመጪም። ስምንተኛው ምሽት ደግሞ በፎቶ ኮፒ ፈተና አለቀ። ያን ሁሉ በእጅና በእግር የተማረ ሰው ለምን ክፍት ቦታ ሲሞላ ያመሻል?

አምስተኛው ምሽት ግን ሊመሰገን ይገባዋል። ርዕሱ መስኮት ነበር። አዎ፣ ዘጠና ደቂቃ ስለ መስኮት። የጀርመን መስኮት እጀታ ሦስት ቦታ አለው። ወደ ታች ሲሆን ዝግ ነው። ወደ ጎን ሲሆን ወለል ብሎ ይከፈታል። ወደ ላይ ሲሆን ከላይ ብቻ ያዘነብላል፤ ይህ ገኪፕት ይባላል። እኛ ክረምቱን ሙሉ ገኪፕት አድርገን ነበር የምናድረው። ለካ ቤት አከራዮች የሚፈልጉት ሽቶስሉፍተን ነው። መስኮቱን ወለል አድርጎ ለአምስት፣ ለአሥር ደቂቃ ከፍቶ መዝጋት፣ ይህንንም በቀን ደጋግሞ። ያዘነበለ መስኮት ግድግዳውን ያቀዘቅዛል፣ አየሩን ግን እምብዛም አይለውጥም። ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ እርጥበት ያርፋል፣ ከዚያ ሻጋታ፣ ሺመል ይመጣል። በሺመል ምክንያት ከአከራይ ጋር የተጣላ ሰው ካላወቃችሁ ታውቃላችሁ። ሉፍተን የሚለውን ግስ «መስኮት መክፈት» ብላችሁ አትያዙት። «ማናፈስ» በሉት፤ እናቶቻችን ቤት ይናፈስ የሚሉት ማለት ነው።

ስለ ቆሻሻ መለየት ብዙ አልልም፤ ሁሉም ቦታ የሚነገር ነው። አንድ አዲስ ነገር ብቻ ተምሬያለሁ። ሰማያዊ ጠርሙስ የሚጣለው አረንጓዴው መያዣ ውስጥ ነው። እሑድ ደግሞ ጠርሙስ አይጣልም፣ ጩኸቱ የዕረፍት ቀን ይረብሻል።

የስልክ መተግበሪያዎችንም ሞክሬያለሁ። ቃል ያስይዛሉ። ደፍ አያሻግሯችሁም ግን። ለጆሮ የሚጠቅመኝ በአማርኛ ዜናው የምናውቀው የዶይቸ ቬለ የጀርመንኛ ትምህርት ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ዕቃ እያጠብኩ እከፍተዋለሁ።

ለማን ይሆናል? ኤ1 ለጨረሰች፣ መናገር ለፈራች፣ ቀኑን ቤት ለምትውል ወይም ሰው ቤት ለምትሠራ ሴት። ለወንዶችም እንዲሁ፤ ሶሪያዊው አባት ሚስቱ ሥራ ስትጀምር ቤቱን የተረከበ ነው፣ ከሁላችንም በላይ ተጠቅሟል። የቢ1፣ ማለትም የመካከለኛ ደረጃ፣ ፈተናችሁ በሁለት ወር ውስጥ ከሆነ ግን አይመከርም፤ ለፈተና የሚሆን ጽሑፍም ደብዳቤም አያሠሩም። ሂሳቡን ብታስቡት ለአንድ ሰዓት ሰባት ዩሮ ነው። ለኔ ከበቂ በላይ መልሶልኛል።

የምትመዘገቡ ከሆነ የሕንፃችሁን ሃውስኦርድኑንግ፣ የቤቱን ደንብ ማለቴ ነው፣ ከኪራይ ውላችሁ ጋር ተያይዞ ታገኙታላችሁና በመጀመሪያው ምሽት ይዛችሁ ሂዱ። አስተማሪያችን ከትምህርቱ በኋላ ቁጭ ብለው መስመር በመስመር ያነቡላችኋል። የኔ አራት ገጽ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስለዚያች በር ላይ ስለምትንጠለጠለው ሰሌዳ ተጽፏል።